ድሬና ሐረር ላይ እንቁራሪት እንዴት ይቀዳል? ስልክና ባትሪ ላለው ጀማሪ

ዝናብ ከጣለ ሁለተኛ ቀኑ ነው እንበል። ደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋው መሀል ያለችው ጉድጓድ ውሃ ይዛለች፣ ማታ ከበርጫ ወጥታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ ያ ጩኸት አለ አይደል፣ አንዱ ይጀምራል ሌላው ይቀበላል ከዛ ሰፈሩ በሙሉ ይናወጣል፣ ብዙው ሰው "ኧረ ዝም በሉ" ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። አሁን ግን ስልኬን ይዤ ወደ ጩኸቱ ነው ምሄደው፣ ሰፈር ውስጥም ስሜ "ራቻ" ሆኗል (ኦሮምኛ ለማታውቁ እንቁራሪት ማለት ነው፣ የሶማሌ ጓደኞቼ ደሞ "ራህ" ይሉኛል፣ ሁለቱንም ለምጃለሁ)።

ሰሞኑን ሁለት ሦስት ሰው "አቦ እንዴት ነው ሚሰራው?" ስላለኝ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። ባዮሎጂ መማር አያስፈልግም፣ መያዝም መንካትም የለም፣ ጆሮ ነው ሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ግን ለምን ለሚለው። በፈረንጆቹ 2023 (በኛ ካላልኩ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የወጣ የዓለም ግምገማ 8,011 የእንቁራሪትና የዘመዶቿን ዝርያ አይቶ 41 በመቶ ገደማው የመጥፋት አደጋ ላይ ነው ብሏል፣ ከአጥቢም ከወፍም የባሰ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ ዝርያ አለ፣ ግማሽ የሚጠጋው ከኛ አገር ውጪ የትም የለም። ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ ባሌብረቪሴፕስ ሂልማኒ የምትባል አለች፣ ድብልብል ያለች አጭር እግር ነገር፣ በመላው ዓለም የምትታወቀው ከዛች አንድ ቁራጭ ቦታ ብቻ ነው። እዛ ያለው ቁጥቋጦ ለማገዶና ለግጦሽ አለቀ ማለት እሷ አለቀች ማለት ነው።

"ታዲያ የድሬ ጉርጥ ምን ሆነ?" ትሉኛላችሁ። ምንም አልሆነም፣ የመንገድ መብራት ስር ቁጭ ብሎ ትንኝ ይለቅማል፣ ደህና ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 አካባቢ ናችሁ፣ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሙቀቱም ውሃውም እንስሳውም ይቀየራል። የሐረርጌ ደጋ ደሞ በጭርጭር በኩል ከአርሲና ከባሌ ጋር ነው ሚያያዘው፣ ከሸዋ ደጋ የሚለየው ስምጥ ሸለቆው ነው፣ ለእንቁራሪት ያ ሸለቆ ባህር ማለት ነው፣ ደጋ የለመደች እንቁራሪት አዋሽን አቋርጣ አትሄድም። በዚህ ምክንያት ድሮ በመላው ደጋ "አንድ ዝርያ ናት" ሲባልላቸው የነበሩ እንቁራሪቶች በ2020ዎቹ መጀመሪያ በዘረመል ሲመረመሩ ብዙ ሆነው ተገኙ፣ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የሚባለው ቡድን አንዱ ነው፣ የፕቲካዴና ኒውማኒ ቡድንም እንደዛው። አንድ ሰፊ አገር ያላት ስትመስል የነበረችው ስትከፋፈል እያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ቦታ ነው ሚደርሳት፣ ትንሽ ቦታ ያላት ደሞ ቶሎ ነው ምትጠፋው። ስለዚ "ይቺማ የታወቀች ናት" ብሎ ማለፍ የለም። ቅዱ።

መቼ ነው ሚቀዳው? እኛ ጋ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፣ በልጉ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ክረምቱ ሐምሌ ነሐሴ ይዞ እስከ መስከረም። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለበት ማታ ጀምሮ ያሉት ሦስት አራት ቀናት ወርቅ ናቸው፣ በተለይ ድሬ ላይ፣ ምክንያቱም ቆላ ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚደርቅ ሁሉም ተሽቀዳድሞ ነው ሚጮኸው። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴቷን ለመጥራት፣ ጉሮሮው ስር ያለውን ከረጢት እንደ ፊኛ ነፍቶ። እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች የሚባለው ተረት ትዝ ይለኛል ሁሌ፣ ባቢሌ ሄዶ ዝሆን ያየ ሰው ደሞ የበለጠ ይስቃል። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ይበቃል፣ ከዛ በኋላ ሐረር ላይ ከሆናችሁ መንገዱ የጅብ ነው።

ቦታ ስትመርጡ አንድ ብቻ ምረጡ። ይሄን ስል ሰው አይሰማኝም፣ ሁሉም ጀማሪ አንድ ቀን ኤረር፣ በሳምንቱ ሐረማያ፣ በሳምንቱ ፉኛን ቢራ ይሄዳል፣ ከዛ ሦስት ቅጂ ይዞ ይተወዋል። ከቤታችሁ በእግር ምትደርሱበት አንድ ኩሬ፣ አንድ የመስኖ ቦይ፣ አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ስር ያለ ጭቃ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ክረምቱን በሙሉ ቁም ነው። አንድ ቦታ ሃያ ጊዜ መሄድ ሃያ ቦታ አንድ ጊዜ ከመሄድ ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም።

አደራ ደሞ ደቻቱ ውስጥ አትግቡ። ዳር ላይ ቁሙ። ድሬ ላይ ኮከብ እየታየ ደንገጎ ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይታሰብ ነው ሚመጣው፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ከ200 ሰው በላይ የወሰደው በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ነው፣ የድሬ ሰው ይሄን ሊነገረው አይገባም ግን ከሌላ አገር መጥታችሁ ደረቅ አሸዋ አይታችሁ ምትዘናጉ አትጠፉም። ውሃ ዳር እባብም አለ፣ እሱም እንደናንተ እንቁራሪት ነው ሚፈልገው። እግር የሚሸፍን ጫማ አድርጉ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ለጥበቃው ወይ ለቦታው ባለቤት ቀድማችሁ ተናገሩ። እኔ አንዴ ሳልናገር በባትሪ ሳር ለሳር ሳማትር አንድ ሽማግሌ መጥተው "ልጄ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ፣ "እንቁራሪት ነው ምፈልገው አባቴ" አልኳቸው፣ ዝም ብለው ለረዥም ጊዜ ካዩኝ በኋላ "እሷማ እዛ ማዶ ናት፣ እዚህ ያለችው የትናንቷ ናት" አሉኝ። እስካሁን ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፣ ማዶ ግን እውነትም ነበረች።

አሁን ወደ ቅጂው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ ሲግናል ሲፈልግ ቅጂው ላይ ያ ጥ ጥ ጥ የሚል ነገር ይገባል። በቴሌግራም ቮይስ አትቅዱ፣ ድምፁን አጭቆ ያበላሸዋል፣ የስልኩን የራሱን መቅጃ ተጠቀሙ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ከፍተኛ ጥራት የሚል ካለ እሱን ምረጡ። ቦታው ስትደርሱ ባትሪውን አጥፉና አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ስትመጡ ሁሉም ዝም ይላል፣ ከዛ አንዱ ደፋር ይሞክራል፣ ከዛ ይመለሳሉ። በዛ ሰዓት "ነሐሴ 3፣ ማታ 2 ሰዓት ከሩብ፣ ሰፈሬ ያለው ቦይ፣ ትናንት ዘንቧል፣ ንፋስ የለም" ብላችሁ በራሳችሁ ድምፅ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ፋይሉ ስሙ ቢቀየር ስልኩ ቢጠፋ ኮፒ ቢደረግ መረጃው ከድምፁ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዛ ሦስት ደቂቃ ዝም። ንፋስ ካለ የስልኩን ማይክ በካልሲ ሸፍኑት፣ ንጹህ ካልሲ ቢሆን ይመረጣል እንግዲህ።

ከቅጂው በተጨማሪ ቁጥር ጻፉ። ከ0 እስከ 3 ነው፣ ቀላል ነው። ምንም ካልተሰማ 0። አንድ በአንድ መቁጠር ከተቻለ፣ ድምፃቸው ካልተደራረበ 1። ተደራርቦ ግን አሁንም ይሄ አንዱ ነው ያ ሌላው ነው ማለት ከቻላችሁ 2። መለየት የማይቻል አንድ ወጥ ጩኸት ከሆነ 3። ሁለት ዓይነት ድምፅ ካለ ለየብቻ ቁጥር ስጧቸው፣ ስማቸውን ባታውቁም "ጥርሱን የሚፍቀው"፣ "ጠርሙስ ከፋቹ" ብላችሁ ስም አውጡላቸው፣ እኔ ደብተር ላይ "ሞተር የማይነሳለት ባጃጅ" የሚባል አለ።

ከሁሉም በላይ ግን 0ን ጻፉ። ሰው ምንም ሳይሰማ ሲቀር "ዛሬ የለም" ብሎ ደብተሩን ሳይከፍት ይመለሳል፣ ትልቁ ስህተት እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ኩሬ ዝም ሲል "ድሮም እንደዚህ ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ያለው በነዛ ዜሮዎች ውስጥ ነው፣ ያልሄዳችሁበት ቀንና ሄዳችሁ ያልሰማችሁበት ቀን ባዶ ገጽ ላይ አንድ ናቸው።

የሐረማያን ሐይቅ አስቡት። በ1990ዎቹ በኛ አቆጣጠር ውሃው አልቆ ከብት ሲሄድበት ያየን ሰዎች አለን፣ ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይሳባል፣ ለከተማ ይሳባል፣ ከላይ አፈር እየታጠበ ይገባበታል፣ እንዲያ እንዲያ ሲል አለቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመለሰ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ፎቶ ተነሳ። አክስቴ እዛው አካባቢ ነው ያደገችው፣ "ድሮ ማታ ማታ የሚጮኸው ሌላ ነበር፣ ወፈር ያለ" ትላለች፣ አሁን ያለውን ስንሰማ "አይ ይሄ አይደለም" ትላለች። እሷን አምናታለሁ፣ ግን ለማን ነው ማሳየው፣ ቅጂ የለኝም። አንድ ሰው በዛን ዘመን በካሴት እንኳን ሦስት ደቂቃ ቀድቶ ቢሆን።

ዓይነታቸውን በጥቂቱ። ጉርጥ ታውቁታላችሁ፣ ደረቅ፣ ጎርበጥባጣ፣ ከመዝለል መራመድ የሚቀናው፣ ከዓይኑ ኋላ ሁለት እብጠት አለው፣ ውሻ ሲነክሰው ከዛ ነጭ ነገር ይወጣና ውሻው አረፋ ይደፍቃል። ልጅ ሆነን "ከነካኸው ኪንታሮት ያወጣብሃል" ይሉን ነበር፣ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፣ ጉርጡ ንጹህ ነው። እንቁላሉ ውሃ ውስጥ እንደ ረዥም ዶቃ ክር ነው። ረዥም እግር፣ ሹል አፍንጫ፣ ጀርባዋ ላይ በቁመት መስመር መስመር ያላት፣ ስትቀርቧት ሁለት ሜትር ተወርውራ ሳር ውስጥ ምትገባው ፕቲካዴና ናት። አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ደረቁን ወቅት ምታሳልፍም አለች፣ ቶሞፕተርና ትባላለች፣ ተረከዟ ላይ እንደ አካፋ ያለ ነገር አላት፣ ድሬ ላይ ከዝናብ በኋላ ድንገት ከመሬት የበቀለች ምትመስለው። ደጋ ላይ ደሞ ዜኖፐስ አለች፣ ከውሃ የማትወጣ፣ ምላስ የሌላት፣ የኋላ እግሯ ሦስት ጣት ላይ ጥፍር ያላት፣ ውሃ ስር ስለምትጮኽ ከዳር ሆናችሁ ላትሰሟት ትችላላችሁ። የሷ የደቡብ አፍሪካ ዘመድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለእርግዝና ምርመራ ነበር ምታገለግለው፣ የሴትየዋ ሽንት ይወጋትና እንቁላል ከጣለች "እንኳን ደስ ያለሽ" ነው፣ በዓለም ዙሪያ በሺ የሚቆጠሩ ተልከዋል።

ፎቶ ከቻላችሁ ከጎን አንድ (ዓይንና የጆሮዋ ክብ እንዲታይ)፣ ከላይ አንድ፣ እግሯ አንድ። አጠገቧ የአንድ ብር ሳንቲም ጣል አድርጉ ለመጠን። ፍላሽ አታብዙ። ይበቃል።

አሁን ማላፍርበት ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ፣ ግን ልናገር። ከስድስት ዓመት በፊት ነው፣ ድሬ አንድ ኩሬ ሊደርቅ ሲል ውስጡ ታድፖል (እግር ያላወጣ የእንቁራሪት ልጅ) ሞልቶ፣ ጥቋቁር ጭራ ያላቸው፣ ውሃው ሁለት ጣት ቀርቶታል፣ አሳዘኑኝ። በሁለት ሀይላንድ ሞልቼ ክዳኑን በሚስማር በስቼ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሐረር አክስቴ ጓሮ ያለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ለቀኳቸው። ሰው አዳንኩ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ለሁሉም አወራሁ። በኋላ ነው የገባኝ።

ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፣ ሳይንስ ስም ያወጣለት በ1999 ነው። የእንቁራሪትን ቆዳ ነው ሚያጠቃው፣ እንቁራሪት ደሞ ውሃ ምትጠጣው፣ ጨው ምታስገባ ምታስወጣው፣ በከፊልም ምትተነፍሰው በቆዳዋ ነው፣ ቆዳው ሲበላሽ ደሟ ውስጥ ያለው ጨው ይዛባና ልብ ይቆማል። በ2019 የወጣ ጥናት ቢያንስ 501 ዝርያ በዚህ ምክንያት መቀነሱን፣ 90ው ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚታመን ጽፏል። ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል። መጥፎው ነገር ታድፖሉን አይገድለውም፣ አፉ አካባቢ ባለው ጠንካራ ክፍል ይዞት ይዋኛል፣ ጤነኛ ይመስላል። እኔ ጭኔ ላይ ይዤ የወጣሁት ጤነኛ ይመስል ነበር። ቆላው ሙቅ ስለሆነ ፈንገሱ እዛ ሊዳከም ይችላል፣ ሚስማማው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ያለው ነው፣ ያ ደሞ ደጋው፣ ሐረር ናት። አክስቴ ገንዳ ላይ የሆነ ነገር አልታየም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ዕድል ነው እንጂ ብልህነት አይደለም።

ስለዚ ደንቡ ይሄ ነው፣ እንቁራሪት፣ እንቁላል፣ ታድፖል፣ ውሃ፣ ጭቃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም፣ በምህረት ስምም ቢሆን። ሊደርቅ ያለ ኩሬ ካሳዘናችሁ እዛው ላይ ጥላ አድርጉበት ወይ ዝም በሉ፣ የቆላ ጉርጥ ኩሬ መድረቁን ያውቃል፣ ለዛ ነው በሺ የሚወልደው። ጫማችሁን ደሞ ከቦታ ቦታ ስትሄዱ መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ፈግፍጉ፣ ጭቃ ካለ በረኪናው አይሰራም፣ ከዛ በበረኪና ውሃ ሩብ ሰዓት ንከሩት፣ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ፈንገሱ ድርቀት አይወድም፣ የድሬ ፀሐይ አንድ ቀን ለደግ ሥራ ትዋል። የበረኪናውን ውሃ ኩሬ አጠገብ እንዳትደፉት። የትንኝ መከላከያ ቅባት የተቀባ እጅም ውሃ ውስጥ አይገባም፣ እነሱ በቆዳቸው ነው ሚጠጡት።

ቶሎ መድረስ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ታንዛንያ ኪሃንሲ ያለችውን ተመልከቱ። ከፏፏቴ በሚረጭ ጤዛ ብቻ ምትኖር የጥፍር ያህል ጉርጥ ናት፣ ለኃይል ማመንጫ ግድብ ጥናት ሲደረግ ነው የተገኘችው በ1990ዎቹ፣ ግድቡ በ2000 ሲጀምር ፏፏቴው ቀነሰ፣ በ2003 ቁጥሯ ወደቀ፣ በ2009 ከዱር ጠፍታለች ተባለ። ቀድመው ይከታተሏት ስለነበር ግን ወደ 500 ያህሏን አሜሪካ መካነ አራዊት ወስደው ስላራቧት በ2012 ወደ ቦታዋ መመለስ ተጀመረ። የሚከታተል ባይኖር መጥፋቷን እንኳን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

አንድ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፣ "በርሜሌ ውስጥ ታድፖል ልክተት፣ የወባ ትንኝ ይበላልኛል?" አይበላም፣ አትክተቱ። በ2022 ድሬ ላይ ወባ የተነሳው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ በምትባል አዲስ መጤ ትንኝ ነው፣ እሷ ደሞ የምትራባው ሰው ባጠራቀመው ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው፣ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ገንዳ። መፍትሔው ክዳን ነው። ጎረቤቴ አንዴ "ትል ገብቶበታል" ብላ የታድፖል ገንዳ ላይ ኬሮሲን ልታፈስ ስትል ደረስኩ፣ "እትዬ ቆይ" ብዬ አሳየኋት፣ የትንኟ ልጅ ክር የምታክል ናት፣ የወባዋ ዓይነት የውሃው ፊት ላይ አግድም ተኝታ ስትነካ እየተጥመለመለች ትወርዳለች፣ ታድፖል ግን ክብ ጭንቅላት አለው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን አረንጓዴ እየላሰ ነው ሚውለው። "እና ይሄ ምኑ ያምራል?" አለችኝ። ኬሮሲኑን ግን መለሰች። ጫት ላይ ለሚረጨው መድኃኒትም እንደዚህ የሚያስቆም ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር፣ ዲዲቲ ሳይቀር ጫት ላይ መገኘቱ በጥናት ታይቷል፣ ዝናቡ ያጥበውና ቦዩ ውስጥ ያስገባዋል፣ ቦዩ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ደሞ ታውቃላችሁ።

ይሄ ዘዴ ለሌላውም ይሠራል። ሐረር ቱሪስቱ ሁሉ ለጅቡ ነው ሚመጣው፣ ጅቡ ግን በዓለም ደረጃ አደጋ ላይ አይደለም፣ ከላይ የሚዞረው ፊቱ ሮዝ የሆነ ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው ከ2015 ጀምሮ በከፍተኛ አደጋ መዝገብ ውስጥ ያለው፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ግድር መጋላ ሥጋ ይዛችሁ ስትወጡ ከእጃችሁ የሚነጥቀው ጭልፊት ነው፣ አታምታቱት። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ቄራ አካባቢ ቆሞ መቁጠር ይቻላል፣ እዛም ቢሆን 0ው ይጻፍ።

ቦታ ግን አታውሩ። ደንገጎ ጥግ አንዲት ትልቅ የምድር ኤሊ አግኝቼ፣ ጀርባዋ ጥቁርና ቢጫ፣ በደስታ ከነሎኬሽኑ አንድ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። በሳምንቱ ስሄድ የለችም፣ የአህያ ፈለግና የሲጋራ ቁራጭ ብቻ። ከዛ ወዲህ ብርቅ ነገር ሳገኝ ወረዳውን እንኳን አልናገርም። አይናቹራሊስት (ያያችሁትን እንስሳ ፎቶና ድምፅ ምትጭኑበት አፕ) ላይ ስትጭኑ ሎኬሽኑን "የተደበቀ" ማድረግ ይቻላል፣ ድምፁ ይሰማል ትክክለኛው ነጥብ አይታይም፣ እሱን ተጠቀሙ፣ ዝርያውን የሚያውቁ ሰዎችም እዛ ገብተው ስም ይሰጧችኋል፣ አንዳንዴ በዓመቱ። መያዝ፣ ናሙና መውሰድ ምናምን ከፈለጋችሁ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ በዩኒቨርሲቲ በኩል ነው ሚሻለው። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ ፍላሹ ደሞ ሌላ ሰው ቤት።

የኔ ደብተር የመጨረሻው መስመር ይሄ ነው፦ አክስቴ ጓሮ፣ ማታ 2:10፣ ከዘነበ አምስት ቀን፣ ጉርጥ 1፣ ባጃጁ 0፣ የጎረቤት ጄኔሬተር ስለተነሳ ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ያለው አይጠቅምም፣ ነገ ይደገማል።